የማይሰማ ላኪ፤ የሳተላይት ትምህርትና ዝናብ በወለጋ ከተሞች

1. መግቢያ

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ዝናብ እንግዳ አይደለም። ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይመላለሳል፤ በነቀምቴ በዓመት የሚወርደው መጠን በአማካይ 2,000 ሚሊ ሜትር ግድም ይደርሳል። ቡናውም በቆሎውም የሚኖረው በዚሁ ዝናብ ነው። ከነቀምቴ ሰፈሮች አንዱ በከኒሳ ቀሴ ይባላል፤ በከኒሳ የሚለው የኦሮምኛ ቃል ብሳናን የሚያመለክት በመሆኑ፣ የሰፈሩ ስም ራሱ የአገሩን ልምላሜ ያስታውሳል።

ይሁንና ለአራሹ በረከት የሆነው ይህ ዝናብ፣ ትምህርት ከሳተላይት ለመቀበል ዲሽ ለተከለ ትምህርት ቤት ሌላ ጠባይ አለው። ዝናቡ መውረድ ሲጀምር ምስሉ ይቈራረጣል፤ ሲበረታ ይጠፋል፤ ክፍለ ጊዜውም ሳይጠብቅ ያልፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ችግሩ ከየት እንደሚመነጭ፣ በሞደም አሠራር ረገድ የተገኘለት መፍትሔ ምን እንደሆነ፣ መፍትሔውም ለትምህርት ቤት የሚበጀው በምን ሁኔታ እንደሆነ መመርመር ነው። ምርመራው የሚያመራበት አሳብ አጭር ነው፤ ይኸውም ላኪው የተቀባዩን ሁኔታ የሚሰማበት የመልስ መንገድ ከሌለው፣ ማናቸውም መሣሪያ ራሱን ከሁኔታ ጋር ሊያስማማ አይችልም የሚል ነው። ይህ አሳብ ለሳተላይቱ መስመር ብቻ ሳይሆን በመስመሩ ለሚላከው ትምህርትም ይሠራል።

2. ዝናብ በመስመሩ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

የዝናብ ጠብታ የሬዲዮን ሞገድ በከፊል ይውጣል፤ በከፊልም ይበትናል። የጉዳቱ መጠን እንደ ሞገዱ ድግግሞሽ ይለያያል። ሲ ባንድ በሚባለው ክልል፣ 4 ጊጋ ኸርትዝ ግድም፣ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ኃይለኛ ዝናብ በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ የሚያስከትለው ጉድለት የአንድ ዴሲቤል አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ኬዩ ባንድ በሚባለው ክልል፣ 12 ጊጋ ኸርትዝ ግድም ግን፣ ያው ዝናብ በኪሎ ሜትር ከ2 ዴሲቤል በላይ ይወስዳል። የዴሲቤልን አቈጣጠር ለማያዘወትር አንባቢ፣ 3 ዴሲቤል ሲጐድል የሞገዱ ኃይል በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው፤ 10 ዴሲቤል ሲጐድል አንድ አሥረኛው ብቻ ቀረ ማለት ነው።

እንዲህ ከሆነ ሁሉም በሲ ባንድ ለምን አይሠራም ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ሲ ባንድ ሰፋፊ ዲሽ ይፈልጋል፤ ሰፊ ዲሽ ደግሞ በዋጋውም፣ በማጓጓዣውም፣ በመትከያውም ይከብዳል። ኬዩ ባንድ በትንሽ ዲሽ ስለሚሠራ በብዙ መቶ ትምህርት ቤቶች ሊተከል ይችላል። የዋጋው ቅናሽ የሚመነጨው ዝናብን ከመድፈር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለወለጋ ደጋማ ከተሞች የሚረዱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ከሚገኙት ሳተላይቶች መካከል ለኢትዮጵያ ቅርብ በሆነ ኬንትሮስ ላይ ያሉት ለአገሪቱ በሰማይ ከፍ ብለው መታየታቸው ነው፤ ሞገዱ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ በመሆኑ ዝናቡን አቋርጦ የሚሄደው መንገድ አጭር ነው። ሁለተኛው የቦታው ከፍታ ነው። በሐሩር ክልል ዝናብ በውሃ ጠብታነት የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በረዶ ሞገድን የሚያደክመው በጥቂቱ ነው። ነቀምቴ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ስለምትገኝ ሞገዱ በዝናብ ውስጥ የሚያልፈው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በነቀምቴና በጊምቢ መካከል ባለው በዴዴሳ ሸለቆ ግን መንገዱ ይረዝማል፤ ጉዳቱም ይጨምራል። ስለዚህ በአንድ ዞን ውስጥ እንኳ ለቆላውና ለደጋው አንድ ዓይነት ስሌት ማውጣት ስሕተት ነው።

በነቀምቴው ምሳሌ ብንሄድ፣ ከላይ የተጠቀሰው ኃይለኛ ዝናብ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ 7 ዴሲቤል ያህል ይወስዳል። ይህም ሲተረጐም ዲሹ የሚያገኘው ኃይል በጠራ ሰማይ ከሚያገኘው ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል ማለት ነው። ደግነቱ ይህን ያህል የሚበረታ ዝናብ ብዙውን ጊዜ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜን ለማበላሸት ግን ደቂቃዎች ይበቃሉ።

3. የአንድ አቅጣጫ ሥርጭት ጉድለት

ከ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ግድም ጀምሮ የትምህርት ሚኒስቴር ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የቴሌቪዥን ትምህርት ማሠራጨት ያዘ። በየክፍሉ የተሰቀለው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ስሙን ለትምህርቱ አወረሰው፤ መምህሩም ተማሪውም «ፕላዝማ» አለው። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተዘጋጅቶ ከአንድ ማዕከል በአንድ ሰዓት ለሁሉም ይተላለፍ ነበር። ሥርጭቱ ከ400 በላይ ትምህርት ቤቶችን የደረሰ ታላቅ ሥራ እንደ ነበር መካድ አይገባም። በሒሳብ፣ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ የሠለጠኑ መምህራን ባነሱበት ጊዜ፣ የሻምቡ ተማሪ የአዲስ አበባው ተማሪ የሚያየውን ሙከራ እንዲያይ ማድረግ ቀና አሳብ ነበር።

ነገር ግን ሥርጭቱ የአንድ አቅጣጫ ነበር። ማዕከሉ ይናገራል፤ ትምህርት ቤቱ ያዳምጣል። እንዲህ ባለው አሠራር መሐንዲሱ ያለው ምርጫ አንድ ብቻ ነው፤ ለሁሉም ተቀባይ የሚሆን አንድ የአላላክ ደረጃ መርጦ ዓመቱን ሙሉ በዚያው መቆየት ነው። ደረጃው ለጠራ ሰማይ ከተመረጠ ዝናባማው አገር ይጐዳል፤ ለዝናብ ከተመረጠ ደግሞ በበጋው ወራት የመስመሩ አቅም ለሁሉም ይባክናል።

ዲጂታሉ ዘዴ ከአሮጌው የሚለይበት ሌላም ጠባይ አለው። በአሮጌው የቴሌቪዥን ዘዴ ሞገዱ ሲደክም ምስሉ በጭርጭር ይሸፈናል እንጂ ድምፁ ከነችግሩ ይሰማ ነበር። በዲጂታሉ ግን ምስሉ እስከ አንድ ወሰን ድረስ ፍጹም ጥሩ ነው፤ ከወሰኑ በታች ሲወርድ ግን ተሰባብሮ ይቆማል። መምህሩ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀው ምልክት አያገኝም። ካጣውም በኋላ ያመለጠውን የሚያስመልስበት መንገድ የለውም፤ ሥርጭቱ ወደሚቀጥለው ርእስ አልፏልና።

በዚህ ላይ ትልቁ ትችት ይነሣል። በፕላዝማው ትምህርት ላይ በልዩ ልዩ ጊዜ የቀረቡ ጥናቶች የትምህርቱን ፍጥነት፣ የቋንቋውን ክብደትና የመምህሩን ድርሻ ማነስ መዝግበዋል። ለመምህሩ በመግቢያውና በመዝጊያው ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይሰጡት ነበር። የወለጋ ተማሪ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ሲማር ቆይቶ፣ 9ኛ ክፍል ሲገባ በማያውቀው የእንግሊዝኛ አነጋገር በማይቆም ፍጥነት ትምህርት ይቀርብለት ጀመር። ተማሪው አልገባኝም ብሎ እጁን ቢያነሣ ከስክሪኑ በኩል የሚያየው አልነበረም። ዝናብ የመታው ዲሽና ቋንቋ ያስጨነቀው ተማሪ የደረሰባቸው ጉዳት ሥሩ አንድ ነው፤ ሁለቱም ሁኔታቸውን ለላኪው የሚያስታውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። የቴክኒኩን ጉድለት ለመሐንዲስ፣ የማስተማሩን ጉድለት ለመምህር ከፋፍሎ መተው ይህን የጋራ ሥር ከዓይን ይሰውራል።

4. ራሱን ከሁኔታ ጋር የሚያስማማ መስመር

በእ.ኤ.አ. 2005 በአውሮፓ የጸደቀው ዲቪቢ ኤስ 2 የተባለው የሳተላይት ሥርጭት ደረጃ፣ ለሁለት አቅጣጫ ግንኙነት አዲስ በር ከፈተ። በዚህ ደረጃ የተሠራ ሞደም 28 የአላላክ ደረጃዎች አሉት፤ እንደ ሰማዩ ሁኔታም ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር ይችላል።

አሠራሩን ለመረዳት በቆርቆሮ ጣራ ሥር ያስተማረ ማንኛውም መምህር የሚያውቀውን ማሰብ ይበቃል። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አስተዋይ መምህር ማብራሪያውን በነበረበት ፍጥነት አይቀጥልም። ቃላቱን ያሳጥራል፤ ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ዋናውን ነጥብ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይደጋግማል። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል። ሞደሙም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በአንድ የሬዲዮ ምልክት የሚጭነውን የመረጃ ብዛት ይቀንሳል፤ ይህ ሞዱሌሽን የሚባለው ነው። ከመረጃው ጋር የሚልከውን የስሕተት ማረሚያ ትርፍ ይጨምራል፤ ይህም ኮዲንግ የሚባለው ነው። በመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ፣ ከምልክቱ ይልቅ ሁከቱ በርትቶ እንኳ መልእክቱ ሊነበብ ይችላል።

በቍጥር ለመግለጽ፣ በሰከንድ 1 ሚሊዮን ምልክት የሚልክ መስመር በጠራ ሰማይ በሰከንድ 3 ሜጋ ቢት ያህል ያስተላልፋል እንበል። ከላይ የተሰላው የ7 ዴሲቤል ጉድለት ሲደርስ፣ ሞደሙ ወደ ዝቅተኛ ደረጃ ወርዶ 1.3 ሜጋ ቢት ያህል ማስተላለፉን ይቀጥላል። ፍጥነቱ ከግማሽ በታች ሆኗል፤ መስመሩ ግን አልተቈረጠም። ደረጃው በማይለወጥበት መስመር ይህን ዝናብ ለመቋቋም ዓመቱን ሙሉ በ1.3 ሜጋ ቢት መወሰን ግድ ይሆን ነበር።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ተቀባዩ ጣቢያ የሞገዱን ጥንካሬ እየለካ ለማዕከሉ ዘወትር ስለሚያስታውቅ ነው። ያ ማስታወቂያ ባይኖር 28ቱ ደረጃዎች በከንቱ ይቀመጡ ነበር። ማስታወቂያውም ቢሆን ወዲያው አይደርስም። ወደ ሳተላይቱ ወጥቶ ወደ ማዕከሉ ለመውረድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ የተስተካከለው አላላክ ወደ ትምህርት ቤቱ እስኪደርስ ድረስ ደግሞ ሌላ ሩብ ሰከንድ ያልፋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዝናቡ ሊብስ ስለሚችል፣ ሞደሙ በወሰኑ ጫፍ ላይ አይቆምም፤ ጥቂት መጠባበቂያ ይተዋል። ሰማዩ ጠራ ሲባልም ቸኵሎ ወደ ላይ አይወጣም፤ ሁኔታው መርጋቱን ያያል። አለዚያ በየሰከንዱ ሲወጣና ሲወርድ መስመሩን ከዝናቡ ይልቅ ራሱ ያናውጠዋል።

5. የዘዴው ወሰን

ራሱን የሚያስማማ ሞደም መልካም መሣሪያ ቢሆንም፣ በየጨረታው ሰነድ ላይ ስሙ ስለተጻፈ ብቻ የትምህርት ቤቱ ችግር ተቃለለ ማለት አይደለም። ቢያንስ አራት ወሰኖች አሉት።

አንደኛ፣ ዘዴው ለአንድ ተቀባይ ለብቻው የሚሠራ ነው። ማዕከሉ ለመቶዎች በአንድ ጊዜ አንድ ትምህርት ሲያሠራጭ፣ የአላላኩ ደረጃ ሞገዱ ከሁሉ የደከመበት ትምህርት ቤት በሚችለው ልክ መሆን አለበት፤ ወይም ያ ትምህርት ቤት ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ዘዴ መጠቀም የሚፈልግ ዕቅድ ሁሉም በአንድ ደቂቃ አንድ ነገር ያያል የሚለውን አሠራር እንደገና መመርመር አለበት።

ሁለተኛ፣ ዝናብ የሚዘንበው በተቀባዩ ላይ ብቻ አይደለም። ማዕከላዊው ጣቢያ በአዲስ አበባ አካባቢ ከሆነ፣ እዚያ የሚወርደው የክረምት ዝናብ ወደ ሳተላይቱ የሚወጣውን ሞገድ ያደክመዋል። ያን ጊዜ በነቀምቴ ፀሐይ ቢወጣ እንኳ ጉዳቱ ለሁሉም ይደርሳል። ማዕከሉ የመላኪያ ኃይሉን እንደ ሁኔታው የሚጨምር መሣሪያ ወይም ራቅ ባለ ቦታ የተተከለ ተጠባባቂ ጣቢያ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ፣ መስመሩ ሲጠብ አንድ ነገር መቅረቱ አይቀርም። ሞደሙ ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ ከሚላኩት ነገሮች የትኛው ለተማሪው እንደሚሻል አያውቅም። የአስተዳደር ሪፖርት፣ የመዝናኛ ምስልና የባዮሎጂ ትምህርት በአንድ መስመር ተሰልፈው ሲጠብቁ፣ ቅድሚያው አስቀድሞ ካልተወሰነ ሁሉም በእኩል ይንቀረፈፋል። በትምህርቱ ውስጥም እንዲሁ ነው። ከምስሉ ድምፁ፣ ከድምፁም ጽሑፉና ሥዕሉ በጠባብ መስመር ሊያልፍ ይችላል፤ ትምህርቱ ተነጣጥሎ እንዲላክ ሆኖ ካልተዘጋጀ ግን ሁሉም አብሮ ይወድቃል። ይህን ቅደም ተከተል መወሰን የመሐንዲስ ሥራ አይደለም፤ የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያና የመምህር ሥራ ነው።

አራተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ሞደም የሚያስማማው ነገር የለም። ብዙ ጊዜ ዝናብና የመብራት መቋረጥ አብረው ስለሚመጡ፣ የጉድለቱ ምክንያት ሳይለይ «ሳተላይቱ አይሠራም» ይባላል። ምክንያቱ ካልተለየ ገንዘቡ ባትሪ መግዛት በሚገባው ቦታ ሞደም ይገዛል።

6. አማካይ ቍጥርና የከሰዓት ፈረቃ

የሳተላይት መስመር የሚሸጥ ድርጅት ብዙውን ጊዜ የሚያቀርበው የዓመት አማካይ ነው። ለምሳሌ መስመሩ 99.7 በመቶ ይሠራል ሲባል ምንም ያልጐደለው ይመስላል። ዓመቱ 8,760 ሰዓት በመሆኑ ግን የቀረው 0.3 በመቶ 26 ሰዓት ይሆናል፤ በክፍለ ጊዜ ሲመነዘር 39 ክፍለ ጊዜ ነው። እርግጥ ይህ ሁሉ በትምህርት ሰዓት አይውልም። ከፊሉ በሌሊት ያልፋል፤ ከሁሉ የበረታው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብም ተማሪው በዕረፍት ላይ ሳለ ይወርዳል። በዚህ በኩል ቍጥሩ ከሚያስፈራው በታች ነው።

በሌላ በኩል ግን ከሚያጽናናው በላይ ነው። የቀረው ጉድለት በዓመቱ ላይ እኩል አይበተንም። በግንቦትና በሰኔ፣ እንዲሁም በመስከረምና በጥቅምት ይከማቻል። ግንቦትና ሰኔ የክለሳና የፈተና ወራት ናቸው፤ መስከረምና ጥቅምት ደግሞ የ9ኛ ክፍል ተማሪ አዲሱን የማስተማሪያ ቋንቋ የሚለምድባቸው ናቸው። ከቀኑም ሰዓት ቢሆን፣ በደጋው አገር ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው። በሁለት ፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት እንግዲህ የጠዋቱ ተማሪ ትምህርቱን ሲያገኝ፣ የከሰዓቱ ተማሪ ያጣል። ፈረቃው በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ ጉዳቱ ይከፋፈላል፤ ካልተለዋወጠ ግን አንዱ ወገን ዓመቱን ሙሉ የዝናቡን ዕዳ ለብቻው ይከፍላል። በዓመት አማካይ ውስጥ ይህ ልጅ አይታይም። የዕቅድ ሰነድ የሚመዘነው ይህን ልጅ በማየቱ ወይም ባለማየቱ ነው።

7. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጭዎች

ከዚህ ምርመራ የሚከተሉት ነጥቦች ይወጣሉ።

ሀ. ትምህርቱ በቀጥታ ከሚሠራጭ ይልቅ ሰማዩ በጠራበት ሰዓት አስቀድሞ ተልኮ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ቢቀመጥ ይሻላል። ያልደረሰው ክፍል ተለይቶ በሌላ ሰዓት ይደገማል፤ መምህሩም ትምህርቱን ሲፈልግ ይከፍተዋል፤ ሲያስፈልግ ያቆመዋል፤ በአፋን ኦሮሞ አስረድቶም ይቀጥላል። በዚህ አኳኋን ዝናቡም የተማሪው ጥያቄም አንድ መልስ ያገኛሉ።

ለ. ለመስመር ግዢ የሚወጣ መስፈርት የዓመት አማካይን ብቻ አይጠይቅ። በትምህርት ወራትና በትምህርት ሰዓት፣ ለጠዋትና ለከሰዓት ተለይቶ፣ ለደጋና ለቆላ ጣቢያ ተነጥሎ ይጠየቅ።

ሐ. መስመሩ ሲጠብ ምን እንደሚቀድምና ምን እንደሚቀር በጽሑፍ ይወሰን፤ ውሳኔውንም መምህራን የተካፈሉበት አካል ይስጠው።

መ. በየትምህርት ቤቱ ቀላል መዝገብ ይያዝ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተቋረጠው ደቂቃ፣ ምክንያቱም ዝናብ ወይም መብራት ወይም የመሣሪያ ብልሽት መሆኑ በአንድ መስመር ይጻፍ። መዝገቡ በየወሩ ወደ ዞንና ወደ ክልል ትምህርት ቢሮ ካልደረሰና መልስ ካላገኘ ግን መጻፉ ብቻ አይጠቅምም።

8. ማጠቃለያ

የፕላዝማው ትምህርት ከጊዜ በኋላ የቀድሞ ስፍራውን እየለቀቀ ሄዷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ደግሞ ትምህርትን በሬዲዮና በቴሌቪዥን የማድረስ ጥያቄ እንደገና ተነሣ። ወደፊትም በሌላ መሣሪያና በሌላ ስም መነሣቱ አይቀርም፤ መሣሪያው በተለወጠ ቍጥርም ያለፈው ስሕተት የመሣሪያው ነበር ብሎ ማለፍ ቀላል ነው።

ሞደሙ በሰከንድ ውስጥ የሚያደርገውን፣ የትምህርት አስተዳደር በወርና በዓመት ማድረግ አለበት፤ ይኸውም መለካት፣ ማስታወቅ፣ ማስተካከልና እንደገና መለካት ነው። የዲሹ ሁኔታ ለማዕከሉ በየጊዜው እንዲደርስ ገንዘብ ሲመደብ፣ በዲሹ ሥር የተቀመጠው የከሰዓት ተማሪና መምህሩ የሚሉት የሚደርስበት መንገድ ካልተበጀ፣ ሥራው በግማሽ ቀርቷል። ዝናቡ በየዓመቱ በጊዜው ይመጣል፤ ዕቅዱም አውቆት ሊጠብቀው ይገባል።